የአሳማ ጀርባ ዳኛ

[ሊንከንሽር፣ ኤልድቶፍት መንደር። የግንቦት ውድድር ዋዜማ፣ ከምሳ በኋላ። አሳማ በማረድ ያረጀው የዊልፍ ግራሚት የጓሮ ማጠቢያ ቤት። በርሜል የሚያህል የመዳብ ድስት እሳት ላይ ተጥዶ በቀስታ ይንተከተካል። ውስጡ በጨርቅ የተጠቀለሉ ሰባት ቻይኖች አሉ፤ ከአሳማው ሁለት ትከሻዎች መካከል ከነሰረሰሩ የተቆረጠ ሥጋ፣ በጨው የከረመ፣ እስከ አጥንቱ ተሰንጥቆ ስንጥቁ በተከተፈ የፐርሰሜሎ ቅጠል የታጨቀ። በመንደሩ ሌላ የሚበቃ ድስት ስለሌለ የሁሉም ቻይን እዚህ ነው የሚቀቀለው። ሆራስ ኦድሊንግ፣ ጡረታ የወጣው የመንደሩ መምህርና የነገው የቻይን ውድድር ዳኛ፣ ወፍራም ደብተር ታቅፎ ቆሟል። ዊልፍ በረጅም እንጨት ድስቱን ይነካካል።]

ዊልፍ፦ እኔ እንጃ መምህር፣ አልገባኝም። ቅልጥም ያለው እግር ላይ ነው።

ሆራስ፦ ነው!

ዊልፍ፦ ቻይን ያለው ጀርባ ላይ ነው።

ሆራስ፦ ነው አልኩህ እኮ!

ዊልፍ፦ ታዲያ ከእግር ወደ ጀርባ በምን ወጣ?

ሆራስ፦ አጥንቱ አይደለም የወጣው! ቃሉ ነው! ቃሉ! ስንት ጊዜ ልንገርህ?

ዊልፍ፦ አራት ጊዜ ነግረውኛል።

ሆራስ፦ አምስተኛው ይኸውልህ። በጥንት ዘመን የጀርመን ነገዶች ቀጭን አጥንት የሚጠሩበት አንድ ቃል ነበራቸው። እኛ ዘንድ ያ ቃል እግር ላይ ቀረና "ሺን" ተብሎ የቅልጥም ስም ሆነ። ፈረንሳዮች ዘንድ ደግሞ ጀርባ ላይ ወጣና የሰረሰር ስም ሆነ፤ ቻይን የሚለው ከዚያ ነው። መንገድ ላይም ከሮማውያን ቃል ጋር ሳይዳቀል አልቀረም፤ እሾህ ከሚለው። ሰረሰርህን ብትዳብሰው እሾህ እሾህ አይልም?

ዊልፍ፦ [ክንዱን ወደ ኋላ ጠምዝዞ ይታገላል] እጄ አይደርስም።

ሆራስ፦ እጅህ ብቻ መሰለህ የማይደርሰው!

ዊልፍ፦ እሺ፣ ፈረንሳዮቹ ግን እዚህ ምን ሊሠሩ መጡ?

ሆራስ፦ ሊገዙን ነዋ! ዘጠኝ መቶ ዓመት አለፈው። ልጆችህን አስተምሬያቸዋለሁ፤ አንዳቸውም ቤት ገብቶ አልነገረህም?

ዊልፍ፦ ልጆቼ ቤት ገብተው የሚነግሩኝ እርስዎ ማንን እንደገረፉ ነበር። ገዝተውን ታዲያ አሳማችንን በሉ?

ሆራስ፦ በሉ እንጂ።

ዊልፍ፦ ማን አርዶላቸው?

ሆራስ፦ ያንተ ቢጤ።

ዊልፍ፦ ማን ቀቅሎላቸው?

ሆራስ፦ የሚስትህ ቢጤ።

ዊልፍ፦ ስሙን ግን ያወጡት እነሱ ናቸው?

ሆራስ፦ ለማንኛውም ምግብ ስም የሚያወጣ የበላው ነው፣ ግራሚት። ያበሰለውማ እጁን ታጥቦ ይተኛል። ይህን ያዝልኝ፤ ጥሩ አባባል ናት፣ ነገ እጨምራታለሁ። [ደብተሩ ላይ ይጽፋል]

ዊልፍ፦ የአባቴም ጀልባ ቻይን ነበራት።

ሆራስ፦ ምን?

ዊልፍ፦ ረግረጉ ላይ ዳክዬ የሚያድንባት ጀልባ። ወለሏና ጎኗ የሚጋጠሙበት ማዕዘን ቻይን ነው የሚባለው። ሁልጊዜ ውሃ የምታስገባው በዚያ ነበር። እሱም ሰረሰር ነው?

ሆራስ፦ እሱ ሌላ ቃል ነው! ከበርሜል አፍ፣ ከከንፈሩ የመጣ። ምንም አይገናኝም።

ዊልፍ፦ የሚስቴ የአክስት ልጅ ደግሞ ደቡብ፣ ዋይት ደሴት ነው ያለችው። እዚያ ባሕሩ ዳር ገደሉ የተሰነጠቀበትን ሸለቆ ቻይን ይሉታል ትላለች። በደረጃ ይወርዱበታል፤ አይስክሬምም ይሸጥበታል።

ሆራስ፦ እሱም ሌላ ነው! ስንጥቅ ከሚለው ከራሳችን ከጥንቱ ቃል የመጣ። አይስክሬም የሚሸጥበት ሰረሰር የት አይተህ ታውቃለህ?

ዊልፍ፦ እንግዲህ ሦስት ሆኑ ማለት ነው።

ሆራስ፦ ሦስት። አንድ ስም፣ ሦስት የተለያየ አባት።

ዊልፍ፦ [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] እኛ መንደር እንዲህ ያለው ነገር በር ተዘግቶ ነው የሚወራው።

ሆራስ፦ አምላኬ ሆይ! ከድንጋይ ጋር ነው እንዴ የማወራው? አራተኛ ትርጉምም አለው፤ የተራራ ጀርባ፣ ረጅሙ ሸንተረር ቻይን ይባላል። እሱ ግን ከሰረሰሩ ወገን ነው። ተራራ እንኳ ሰረሰር አለው!

ዊልፍ፦ የት ያለ ተራራ? ከዚህ ተነስተው ባሕሩ እስኪደርሱ ከመሬት ከፍ ያለ ነገር ቢያገኙ የቦዩ ዳርቻ ነው። እሱንም እኛው ቆፍረን ነው የከመርነው።

ሆራስ፦ ለዚህ ነዋ አእምሯችሁም እንደ ሜዳችሁ ዝርግ የሆነው! ሠላሳ አንድ ዓመት ጮህኩላችሁ። አንድም ጠብ ያለ የለም። ደግነቱ በመጨረሻ ነቅታችኋል።

ዊልፍ፦ ነቅተናል?

ሆራስ፦ ዳኛ መረጣችሁኝ እኮ! በአዳራሹ ሃያ ሦስት ሰው ነበር አሉ። ሃያ ሦስት እጅ ወጣ። አንድ ተቃዋሚ፣ አንድ ድምፀ ተዓቅቦ እንኳ የለም። በዚህ መንደር ዝናብ ይዘንባል አይዘንብም ብትል እንኳ ሃያ ሦስት ሰው ተስማምቶ አያውቅም።

ዊልፍ፦ [ድስቱን አጥብቆ እየነካካ] እውነት ነው፤ አያውቅም።

ሆራስ፦ ዕውቀት ቀስ ብሎም ቢሆን ይከበራል፣ ግራሚት። ያቺ የቀድሞዋ ዳኛ ምን ታውቅ ነበር? ሴትዮዋ ፊደል የቆጠረችው እኮ ለአራት ዓመት ነው።

ዊልፍ፦ ኤፊ ሞወር? እሷማ ቻይንን በማሽተት ብቻ ታውቅ ነበር። ጨርቁ ሳይፈታ አሳማው ምን ሲበላ እንደኖረ ትነግርዎታለች።

ሆራስ፦ በአፍንጫዋ! እኔ ግን በሥርዓት ነው የምዳኘው። ስማ የነገውን አካሄድ። መጀመሪያ ንግግር፤ የቃሉ ምንጭና ትርጉሞች። አርባ አምስት ደቂቃ።

ዊልፍ፦ ሕዝቡ ቆሞ?

ሆራስ፦ ቢቀመጥም አልቃወምም። ቀጥሎ መመዘን፤ ለአጥንቱ አሥር ነጥብ፣ ለስንጥቁ አሥር፣ ለፐርሰሜሎው አሥር፣ ለጨው አሥር። በመጨረሻ እያንዳንዷን ሴት በስሟ ጠርቼ መድረክ ላይ አወጣለሁ፤ የት የት ጋ እንደተሳሳተች በሕዝብ ፊት አስረዳታለሁ።

[ዊልፍ እንጨቱን ድስቱ ውስጥ ይጥለዋል። ፍል ውሃ ይረጨዋል፤ ልብ አላለውም።]

ዊልፍ፦ ምን አሉ?

ሆራስ፦ ጉድለቷን ካልነገርኳት በምን ትማራለች?

ዊልፍ፦ በሕዝብ ፊት?

ሆራስ፦ በሕዝብ ፊት። ከነምክንያቱ።

ዊልፍ፦ መምህር፣ አፈር ስሆን፣ ምክንያት አይስጡ። ቀመስ ያደርጋሉ፣ በጣትዎ "ይቺ" ይላሉ፣ ይቀመጣሉ። አለቀ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም።

ሆራስ፦ በጣት! ከብት ገበያ መሰለህ? ዳኛ ያለ ምክንያት ከፈረደ ምኑን ዳኛ ሆነ?

ዊልፍ፦ ኤፊ ሞወር ምክንያት ሰጥታ አይደለም እንዴ መንደሩ የተቃጠለው!

ሆራስ፦ መንደሩ መቼ ተቃጠለ?

ዊልፍ፦ የደወሉን ነገር አልሰሙም? ለዶራ ብራከንበሪ "ፐርሰሜሎሽ አገዳ አገዳ ይላል፤ ጥሩ ቻይን ነበር፣ እጅ ቸኮለ" አለቻት። ይህችኑ ብቻ። ክፋቱ ደግሞ እውነት ነበር፤ ሁሉም በልቶታል፣ ሁሉም አገዳ ከጥርሱ ሲያወጣ ነበር። በዚያው ሳምንት ብራከንበሪዎች ከሞወሮች ጋር ሰላምታ አቆሙ። የዶራ ልጅ የኤፊን የወንድም ልጅ ሊያገባ ከሠርጉ በፊት በቤተ ክርስቲያን ሦስት እሁድ መታወጅ ነበረበት፤ ሁለቱ ታወጀ፣ ሦስተኛው ሳይታወጅ ሠርጉ ቀረ። የቤተ ክርስቲያኑን ስድስት ደወል የሚደውሉት ሦስት ብራከንበሪና ሦስት ሞወር አልነበሩም? አንዱ ቤት ካለ ሌላው አይመጣም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሦስት ደወል ቆየን!

ሆራስ፦ በሦስት? እኔ ደወሎቹ የተሰነጠቁ መስሎኝ ነበር እኮ። ለጳጳሱም ጽፌያለሁ።

ዊልፍ፦ የተሰነጠቀውስ ሰዉ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ አንድ ቤት ኤፊን ይጠላታል። ባለፈው ክረምት ስትቀበር ሬሳዋን የሚሸከም ስድስት ሰው አጥተን አንዱን ከሌላ መንደር ነው ያስመጣነው። ለምን? ልክ ስለነበረች!

ሆራስ፦ የመሃይም ጠብ ነው። እኔ በሳይንስ ስለምናገር ማንም አይቀየመኝም። ይልቅ ያን የቀዘቀዘውን አምጣው።

ዊልፍ፦ የትኛውን?

ሆራስ፦ መደርደሪያው ላይ ጨርቅ የለበሰውን። ነገ በሕዝብ ፊት የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ እጄን ላፍታታ።

ዊልፍ፦ እሱ ለውድድር አይደለም፤ የኔ ነው። ለእራት...

ሆራስ፦ አምጣ አልኩህ! ቢላውንም።

[ዊልፍ እያመነታ ቻይኑን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥና ጨርቁን ይፈታል። ሆራስ መነጽሩን ያስተካክላል፤ ቢላውን እንደ ጠመኔ በሦስት ጣት ይይዛል።]

ሆራስ፦ ልብ ብለህ ተመልከት። ቃሉ ግስም ይሆናል፤ አንድን ሥጋ "ቻይን ማድረግ" ማለት ሰረሰሩን ተከትሎ መሰንጠቅ ማለት ነው። ስንጥቁም ይኸው ተዘጋጅቶ አለልን። እንግዲህ ስንጥቁን ይዘን በዚያው እንወርዳለን...

ዊልፍ፦ መምህር፣ በዚያ በኩል እንኳ...

ሆራስ፦ ዝም!

ዊልፍ፦ ሰሐን ላቅርብልዎ?

ሆራስ፦ ለምን ሲባል ሰሐን?

[ስንጥቁን ተከትሎ ይቆርጣል። ሥጋው ለሁለት ይከፈትና የታጨቀው ፐርሰሜሎ እንዳለ ይዘረገፋል፤ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ፣ ግማሹ የሆራስ ጫማ ላይ።]

ዊልፍ፦ ለዚህ ነበር ሰሐኑ።

ሆራስ፦ ...በደንብ አልተጠቀጠቀም። ያንተ ጥፋት ነው። ከነጥብህ አሥር ቀንሻለሁ።

ዊልፍ፦ ቻይን የሚቆረጠው ስንጥቁን አቋርጦ ነው እንጂ ተከትሎ አይደለም። ሲቋረጥ ነው ሥጋውና ቅጠሉ ተያይዘው መስመር መስመር የሚወጡት። የአራት ዓመት ልጅ ያውቀዋል። [ቀና ብሎ ያየዋል] መምህር፣ ከዚህ በፊት ቻይን ቆርጠው ያውቃሉ?

ሆራስ፦ ቃሉ በጽሑፍ ከታየበት ጊዜ አንስቶ...

ዊልፍ፦ ቃሉን አይደለም። ሥጋውን።

ሆራስ፦ መቁረጥ የእጅ ሥራ ነው።

ዊልፍ፦ በልተውስ ያውቃሉ?

[ሆራስ ከጫማው ላይ ፐርሰሜሎ ለማንሳት ያጎነብሳል። ቶሎ አይነሳም።]

ዊልፍ፦ ኧረ መምህር!

ሆራስ፦ ማን ጠርቶኝ? ማን?! ቻይን ሱቅ አይሸጥ! የሚበላው ክርስትና ላይ ነው፣ የሚበላው በየሰዉ ማዕድ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት የልጆቻችሁን አፍንጫ ጠርጌ ፊደል አስቆጠርኩ። ግንቦት በመጣ ቁጥር በየመስኮቱ አልፋለሁ፤ ጠረጴዛው ተሰናድቶ፣ ቤተሰቡ ዙሪያውን ሆኖ፣ የሥጋው አቼቶ ይሸተኛል። "እስቲ ግቡ መምህር" ያለኝ ሰው የለም። ቢቸግረኝ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ያላበላችሁኝን አነበብኩት!

ዊልፍ፦ አንድ ጊዜ ጠርተንዎት ነበር እኮ። የእህቴ የኦሊቭ ልጅ ክርስትና።

ሆራስ፦ እሱማ... አዎ። ጥቂት ቃላት ተናግሬያለሁ።

ዊልፍ፦ "ክርስትና" የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ነበር የነገሩን። ግሪክ ደርሰው ተመለሱ። ሻዩ ቀዘቀዘ፣ ሕፃኑ ሁለት ጊዜ ተኝቶ ሁለት ጊዜ ነቃ። እርስዎ ጨርሰው ሲቀመጡ ሥጋው አልቆ ነበር።

ሆራስ፦ ከዚያ ወዲህስ? ከዚያ ወዲህ ለምን አልተጠራሁም?

ዊልፍ፦ [ኮፍያውን እያሻሸ] ከዚያ ወዲህማ... ሕፃናቱ በዙ፤ ቃሉም በዛ።

ሆራስ፦ ቆይ። ቆይ ቆይ። እንዳልበላሁ ማን ያውቃል?

ዊልፍ፦ ሁሉም።

ሆራስ፦ ሁሉም ማለት?

ዊልፍ፦ እዚህ መንደር እርስዎ ቁርስ ላይ ስንት እንቁላል እንደበሉ ይታወቃል። ቻይን አለመብላትዎ ይጠፋናል?

ሆራስ፦ እያወቃችሁ ዳኛ አደረጋችሁኝ?

ዊልፍ፦ እሳቱ ደከመ መሰለኝ፤ እንጨት ላምጣ።

ሆራስ፦ ከቦታህ እንዳትነቃነቅ! ለምን መረጣችሁኝ? ንገረኝ።

ዊልፍ፦ መምህር፣ ተዉት። ነገርን መፈልፈል...

ሆራስ፦ ግራሚት!

ዊልፍ፦ [ቁጭ ይላል] ከኤፊ ቀብር በኋላ ተሰብስበን መከርን። የሚያውቅ ሰው ብናስቀምጥ የተሸነፈው ይቀየማል፤ ለምን? ፍርዱ ያማል፤ እውነት ነዋ። ከሌላ አገር ባለሙያ ብናመጣ፣ እሱም ያውቃል። ጨነቀን። ኋላ እህቴ ፍሎሪ ተነሳችና "ምንም የማያውቅ ሰው አለ አይደለም እንዴ?" አለች። ከዚያ ሃያ ሦስታችንም በአንድ ጊዜ ወደ እርስዎ ቤት አቅጣጫ ዞርን።

ሆራስ፦ ...በአንድ ጊዜ?

ዊልፍ፦ ሽማግሌው ስታምፕ እንቅልፍ ላይ ነበር፤ እሱም ዞረ። እኔ በዕድሜዬ እንዲህ ያለ መስማማት አይቼ አላውቅም። እርስዎ ከፈረዱ ያሸነፈችው ዋንጫዋን ይዛ ትሄዳለች። የተሸነፈችው ደግሞ "እሱ ምን ያውቃል!" ብላ ደስ ብሏት ትገባለች። ማንም ማንንም አይቀየምም። ሠርግ አይፈርስ፣ ደወል አይጎድል። ለዚህ ሥራ ከርስዎ የሚሻል በሊንከንሽር ሁሉ የለም። ይህን ለማሞገስ ነው የምነግርዎ።

ሆራስ፦ አሞገስከኝ! እኔ ለእናንተ መሳቂያ! ደብተሬን ስገዛ፣ ማታ ማታ ስጽፍ፣ "አወቁኝ፣ በመጨረሻ ሰው አደረጉኝ" ብዬ ኮቴን ለአጣቢ ስሰጥ! [ይቆጣል] በቃ! ለቅቄያለሁ! ሌላ ጅል ፈልጉ!

[ደብተሩን ይዞ ወደ በሩ ይሄዳል። ዊልፍ ቀድሞት በሩን በጀርባው ይዘጋል።]

ዊልፍ፦ አይሆንም! አይለቁም!

ሆራስ፦ ምን አገባህ? ተለዋጭ ዳኛ ይኖራችሁ የለም!

ዊልፍ፦ አለ።

ሆራስ፦ ታዲያ እሱ ይፍረድ!

ዊልፍ፦ እኔ ነኝ።

ሆራስ፦ [ይቆማል] አንተ?

ዊልፍ፦ ድስቱ የኔ ስለሆነ ነው። ደንቡ እንዲህ ይላል።

ሆራስ፦ ታዲያ ምን ያስፈራሃል? አንተ ሥጋውን ታውቀዋለህ።

ዊልፍ፦ ማወቄ አይደል የሚገድለኝ! እዚያ ድስት ውስጥ ይመልከቱ። ቀይ ክር ያሠረችው ሚስቴ ኤድና ናት። ሰማያዊው የእህቴ የኦሊቭ ነው። አረንጓዴው የሌላዋ እህቴ የፍሎሪ። ባለ ነጠብጣብ ጨርቁ የአማቴ።

ሆራስ፦ [ቀስ ብሎ ፊቱ ይፈካል] አማትህም አለችበት?

ዊልፍ፦ ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከኛ ጋር ነው የምትኖረው። ግድግዳው ስስ ነው።

ሆራስ፦ [ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፤ ወንበር ስቦ እግሩን አነባብሮ ይቀመጣል] እህ። እስቲ ቀጥል። ለኤድና ብትፈርድስ?

ዊልፍ፦ እህቶቼ ደጃቸውን ይዘጉብኛል።

ሆራስ፦ ለኦሊቭስ?

ዊልፍ፦ ፍሎሪ ለሰባት ዓመት ታለቅሳለች። ኤድና አታለቅስም፤ እሱ ነው የሚያስፈራው።

ሆራስ፦ ለአማትህስ?

ዊልፍ፦ "ስላዘነልኝ ነው፣ ልሞት ነው ማለት ነው" ብላ ትተኛለች። አትነሳም። ኤድና ናት የምታስታምማት፤ እኔ ነኝ የምሰደበው።

ሆራስ፦ ኤልድቶፍት አንድ ብልህ ሰው አላት፣ እሱም ለካ አንተ ነህ! ሃያ ሦስት ሰው ከኋላዬ ሲስቅ ከፊት የቆምከው አንተ ነህ፣ በነገሩም የምትሰቀለው አንተ። ሲገርም! ሲያምር! እሺ፤ እቆያለሁ። ግን አንድ ነገር እፈልጋለሁ።

ዊልፍ፦ ይንገሩኝ ብቻ። የፈለጉትን።

ሆራስ፦ አስተምረኝ።

ዊልፍ፦ ምን?

ሆራስ፦ ቻይን አስተምረኝ። ጥሩውን ከመጥፎው እንዴት እንደምለይ። ጨው የበዛበትን፣ ቅጠሉ ያረጀበትን። እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ አለን። ከዚያ መድረክ ላይ እውነተኛ ዳኛ ሆኜ ልታይ!

ዊልፍ፦ በፍጹም!

ሆራስ፦ ለመማር ፈለግሁ እኮ!

ዊልፍ፦ እባክዎ ምንም አይማሩ! አንዲት ነገር ካወቁ ጠፋን! እርስዎ "ፐርሰሜሎው አገዳ አለው" ቢሉ፣ እውነትም አገዳ ቢኖረውስ? ለስድስት ደወል የሚበቃ ሰው ያገኘነው ባለፈው ፋሲካ ነው!

ሆራስ፦ እንግዲያው ለቅቄያለሁ።

ዊልፍ፦ አይልቀቁ!

ሆራስ፦ እንግዲያው አስተምረኝ።

ዊልፍ፦ ወይ ጣጣ! [ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ ከቻይኑ ያልተነካውን ወገን ይስባል] እሺ። አላስተምርዎትም። ግን አበላዎታለሁ። ይህን ያህል ዓመት ሳይቀምሱ መኖርዎ፣ እውነቴን ነው፣ እኔንም ሀፍረት ያዘኝ። ይቀመጡ። እጅዎን ይሰብስቡ። አፍዎንም።

[ዊልፍ በረጅሙ ቢላ ስንጥቆቹን አቋርጦ ይቆርጣል። ሥጋው ሮዝና አረንጓዴ መስመር መስመር ሆኖ ይወድቃል። አቼቶ ጠብ ጠብ ያደርግበታል፤ ከዳቦ ጋር በሰሐን ያቀርባል። ሆራስ በንቀት በሹካ ጫፍ ያነሳል፤ ያሸታል፤ ይጎርሳል።]

ሆራስ፦ እንግዲህ የመጀመሪያው አስተያየቴ...

[ያኝካል። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ይቀራል።]

ዊልፍ፦ አቤት?

ሆራስ፦ ዝም በል።

[ሌላ ይጎርሳል። ሌላም። ሰሐኑን ይገፋል፤ ዊልፍ ደግሞ ይቆርጥለታል። ሹካውን ትቶ በእጁ ይበላል።]

ዊልፍ፦ መምህር? ዓይንዎ ረጠበ እኮ።

ሆራስ፦ አቼቶው ነው።

ዊልፍ፦ ጣመዎት?

ሆራስ፦ ይህን... ይህን ነው በየመስኮቱ ስትበሉት የኖራችሁት?

ዊልፍ፦ ይህንኑ ነው። ይህ እንኳ ተራው ነው፤ ለእራት የተሠራ።

ሆራስ፦ ጨካኞች!

ዊልፍ፦ [ጠጋ ብሎ፣ በፍርሃት] እስቲ ይንገሩኝ። ምኑ ነው ደስ ያለዎት? ጨዋማነቱ? ቅጠሉ? ከአጥንቱ ጋር የተያያዘው?

[ሆራስ ጣቱን ያነሳል፤ እንደ ክፍል ውስጥ። አፉን ይከፍታል። ደብተሩን ወደ ራሱ ስቦ ይገልጣል፤ አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ፣ ሦስት። ይዘጋዋል። ጣቱ ቀስ ብሎ ይወርዳል።]

ሆራስ፦ አላውቅም።

ዊልፍ፦ ምን አሉኝ? ደግመው ይበሉልኝ።

ሆራስ፦ አላውቅም አልኩህ! ምኑ እንደሆነ አላውቅም! ይጥማል፣ ለምን እንደሚጥም ግን አላውቅም! ረካህ?

ዊልፍ፦ [ኮፍያውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያደርጋል] ተመስገን! አሁን ገና ዳኛ ሆኑልን! ነገ መድረክ ላይ ይውጡና በጣትዎ "ይቺ" ይበሉ፤ ለምን ሲሉዎት "ይጥማል፣ ለምን እንደሚጥም ግን አላውቅም" ብቻ ብለው ይውረዱ።